ስም ያልተጻፈበት ኮፍያ

ይድረስ ቡራዩ ለምትገኚው ለሩሃማ እናት፤

ሰላም ብዬሻለሁ። እንዴት ከረምሽ? ዘንድሮ ክረምቱ ሳይወጣ ውርጩ ገባና ያ ብርድ ሲነካው የሚያምሽ ወገብሽ ትዝ አለኝ፤ እንዴት አደረገሽ? ወንድምሽስ ደህና ነው? ቡራዩ ውሃ ትመጣለች? እዚህ ሰበታ በሳምንት አንዴ ናት፣ እሷም ደስ ሲላት። እኔ ለክፉ አልሰጥም። ዓይኔ ክር በመርፌ ማስገባት እያቃተው ነው እንጂ ሌላው ሁሉ ባለበት አለ።

ደብዳቤውን ሳትጨርሺ እንዳትቀድጂው። ቃሌን አላፈረስኩም። ስልክ አልደወልኩም፣ ዘመድ አልላክሁም፣ ደጅሽ አልቆምኩም። ማለፍ ግን ሁለት ጊዜ አልፌያለሁ፤ በሁለተኛው ልብስ እያሰጣሽ ነበር፣ ጀርባሽን ነው ያየሁት። ይህን ወረቀት የምታደርስልሽ ዱርሲቱ ትባላለች፤ ቤት ያከራየችኝ ሴት ናት፣ አበባ እርሻ ውስጥ ማሸጊያ ክፍል ነው የምትሠራው። ካንቺ በቀር ለማንም ትንፍሽ አትልም። የምጽፍልሽ ግራ ገብቶኝ ነው። ሰው ግራ ሲገባው ወይ ቄስ ዘንድ ይሄዳል ወይ ጠጅ ቤት፤ እኔ ሁለቱም ጋ ሄጄ ሁለቱም ጋ የልጅቱን እናት ጠይቅ ነው የተባልኩት።

ከሥር ልጀምርልሽ፣ አለበለዚያ አንቺም እንደኔ ይምታታብሻል። ተጂ ላይ በድንበር ጠብ የሰው ነፍስ አጥፍቼ እስር ቤት ስገባ ሩሃማ አምስት ዓመቷ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ስንቅ እያመላለስሽ ጠየቅሽኝ። ከዚያ አንድ ቀን በአጥሩ ማዶ ቆመሽ ቡራዩ መግባትሽን፣ ለጎረቤቱ «ባሌ ሱዳን መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ሞተ» ማለትሽን፣ እድርተኛው ድንኳን ጥሎ ሦስት ቀን መቀመጡን ነገርሽኝ። ልጅቷ የገዳይ ልጅ እየተባለች ከምታድግ አባቷ የሞተባት ትባል አልሽኝ። የራሱን መርዶ በራሱ ጆሮ የሰማ ሰው ከኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ነፍስ ይማር ልበል፣ እግዜር ያጽናሽ ልበል ጨነቀኝና እሺ አልኩ። ስወጣም ላልመጣ፣ እንደሞትኩ ልቆይ ማልኩልሽ። ያን ጊዜም አልፈረድኩብሽም፣ ዛሬም አልፈርድብሽም። የገደልኩት ሰው ልጆች አባታቸውን የትም ሄደው አያገኙትም፤ የኔዋ በምን ጽድቄ ታገኛለች እያልኩ ነው የኖርኩት።

ከወጣሁ አራት ዓመቴ ነው። ምን ሠርቶ ይበላል ካልሽ፣ ኮፍያ እሠራለሁ። የሕፃን ኮፍያ። ሳቂ ግዴለም፣ እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ። እስር ቤት አሥራ አምስት ዓመት ተቀምጦ ክርና ኪሮሽ ያልያዘ ወንድ አታገኚም። አሮጌ ሹራብ እየተረተርን በዚያው ክር ሌላ እንሠራ ነበር። ለምን የሕፃን አትበዪኝ። ትንሽ ክር ይበቃዋል፣ ቶሎ ያልቃል፣ የሚለብሰውም ሰው የት ነበርክ ብሎ አይጠይቅም።

ገበያ ያገኘነው ግን በኮፍያው አይደለም፣ በማሸጊያው ነው። ዱርሲቱ ከእርሻው የተጣለ ካርቶን ታመጣለች፤ ጽጌረዳ ወደ ውጭ አገር ሲላክ እንዳይጎዳ የሚጠቀለልበት፣ ያ የተሸበሸበው ስስ ካርቶን። አንድ ቀን የሠራሁትን ቀይ ኮፍያ ለቀልድ ጠቅልላ፣ ከሥሩ ቀጭን ቀርከሃ ሰክታ፣ ቁርጥ አበባ አድርጋ አቆመችው። ከዚያ ወዲህ ኮፍያችን አራስ ጥየቃ የሚሄደው ጽጌረዳ መስሎ ነው፤ ኮፍያ መሆኑ ሲፈታ ነው የሚታወቀው። የሽንኩርትም አለን፤ ወይን ጠጅ ክር፣ ከላይ ጭራ ቢጤ፣ በቀይ የሽንኩርት መረብ። እዚያው እናንተ ጋ ቡራዩ አንዷ ለምራቷ ሦስት ራስ ሽንኩርት ይዛ መጣች ተብሎ፣ መረቡ እስኪፈታ ድረስ ቤቱ በሙሉ አኩርፎ ነበር አሉ። መንታ ለወለደች ደግሞ ነጭ ነጩን በእንቁላል ካርቶን ደርድረን እንልካለን። ቴሌግራም ላይ «እምቡጥ» ነው የምንባለው። ስሜን የሚያውቅ ደንበኛ የለም፤ የእምቡጡ ጋሼ ይሉኛል። በዚህ እንደተደበቅኩ ነበር የማስበው።

ታዲያ ከወር በፊት ገደማ ከሱሉልታ ትዕዛዝ መጣ። ወንድ ልጅ፣ በተወለደ በዘጠኝ ቀኑ። እኛ ሁሌ የጭንቅላቱን ዙሪያ በክር ለክታችሁ ንገሩን እንላለን፤ እናቲቱ ለክታ ልካለች፣ ሠላሳ ስድስት ተኩል። ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው ይኼ፣ ሕዝብ ሊያስተዳድር ነው እንዴ ብዬ ቀለድኩ። ስሙ ይጻፍበት ብላለች፤ ምትኩ።

አፌ አያርፍም፣ ታውቂኛለሽ። በዚህ ዘመን ሕፃኑ ሁሉ አዶናይ ነው፣ ዮአብ ነው፤ ማን ነው ልጁን ምትኩ የሚል፣ እስቲ ጠይቂልኝ አልኳት ዱርሲቱን። ጠየቀችልኝ። አባቴ እኔ ልጅ ሆኜ ነው የሞተው፣ ልጄ የሱ ምትክ ነው የሚል መልስ መጣ። አፈርኩ። ነፍሱን ይማረው አልኩ። እውነቴን ነው፣ እጄን ከክሩ አንስቼ፣ አማትቤ፣ ነፍሱን ይማረው አልኩ ለራሴ።

ኮፍያው ሰማያዊ ነበር፣ ስሙ በነጭ። ሊያልቅ ሁለት ዙር ሲቀረው ክፍያው ገባ። ክፍያ የሚገባው በኔ ስም በወጣው የስልክ ቁጥር ነው፤ ስልኩን ግን እኔን ስለሚያምታታኝ ዱርሲቱ ናት የምትይዘው። ምንጊዜም የከፋዩን ሙሉ ስም ጮክ ብላ ታነብልኛለች፣ የማን የማን እንደሆነ እንዳይደባለቅብን። «ሩሃማ ዘርሁን በዳኔ» ብላ አነበበች።

ድገሚው አልኳት። ደገመችው፣ ድምጿ ግን ቀነሰ፤ ቤቱን ስታከራየኝ መታወቂያዬን አይታለች። «ያ ዘርሁን፣ ማል ታቴ?» አለችኝ፤ ምን ሆንክ ማለቷ ነው። ምን እንደሆንኩ ባውቅ ጥሩ ነበር። ልቃቂቱ ከጭኔ ወድቆ እየተንከባለለ በሩ ጋ ሲደርስ ሄጄ ማንሳት አቃተኝ። ልጄ አግብታለች፣ ወልዳለች፣ የወለደችውን ደግሞ የኔ ምትክ ብላዋለች። ደስ ይበለኝ ወይስ ልዘን? ሰው ከሞተ ከስንት ዓመት በኋላ እንዲህ ሲታሰብ ደስ ይላል፤ በቁም ሆኖ መተካት ግን ምን እንደሚባል አላውቅም። አለቀስኩ። ዱርሲቱ ውሃ አመጣችልኝ፣ ውሃውንም ይዤ ቀረሁ።

በማግስቱ ሌላ መልእክት መጣ። ስሙን ተዉት፣ አትጻፉበት ትላለች። ዱርሲቱ ምነው ብትላት፣ ስሙ ተለውጧል፣ አዲሱ ገና አልወጣም አለች። መላ ቅጡ የጠፋኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ባንድ ቀን ምን ተገኘ? ትናንት ምትኩ ብላ፣ ዛሬ ተዉት። ባሏ እምቢ አለ ይሆን? ወይስ ይኼ ስም የአሮጌ ነው ብለው ሳቁባት? ተናደድኩ፣ አልዋሽሽም። ለሞተ ሰው እንኳ አንድ ስም ይነፈጋል ወይ ብዬ ኮፍያውን እስከ መጨረሻው ተረተርኩት።

እንደገና ሠራሁ። ጠበበ። እንደገና ሠራሁ። በኔው ራስ ላይ ገባ። እጄ አራት ዓመት ሙሉ ተሳስቶ አያውቅም ነበር፤ እስር ቤትም ሆኜ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምሠራው። ማሸጊያውማ አይነሳ። ጽጌረዳ ላድርገው ስል የመቃብር አበባ መሰለኝ። ሽንኩርት ላድርገው ስል ለመጀመሪያ የልጅ ልጄ ሽንኩርት ልሰጥ ነው ወይ አልኩ። እንቁላል ስል ዱርሲቱ ሳቀችብኝ፤ ያን የሚያህል ጭንቅላት የትኛው እንቁላል ይችለዋል አለች። መጨረሻ ላይ በተራ ፌስታል እንላከው ብላ ተቆጣችኝ። በሞተር እንላክልሽ ብንላት ደግሞ እሷ እምቢ አለች፤ ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ፣ ቤታችሁን አመላክቱኝ አለች። አራስ ከቤት አትወጣም ብላ ዱርሲቱ ብትመክራት፣ ግዴለም፣ እወጣለሁ አለች።

ባለፈው ቅዳሜ መጣች። በሠላሳ ሦስት ቀኗ፣ ከሱሉልታ ሦስት ሚኒባስ ቀያይራ፣ ልጁን በነጠላ ሸፍና። ገርባ፣ ባሏ፣ ቡራዩ እናቴ ጋ የሄድኩ ነው የሚመስለው አለች። አንቺ ጋ ያን ቀን እንዳልመጣች መቼም ታውቂያለሽ።

እኔ ምን አደረግኩ መሰለሽ? ተደበቅኩ። ክር የማስቀምጥበት ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ዱርሲቱን የለም በያት ብዬ ለምኛት ነበር፤ እሷ ግን ጴንጤ ናት፣ ውሸት አይሆንላትም፤ አለ፣ ግን አይወጣም አለቻት። እንዲህ ያለ ጠባቂ ይስጥሽ። ሩሃማም፣ ኮፍያው ልኩ መሆኑን የሠራው ሰው ራሱ ይይልኝ፣ እስኪወጡ እጠብቃለሁ ብላ ተቀመጠች። ልጁ አለቀሰ። ምን ላድርግ፣ ክር በክር ሆኜ ወጣሁ።

አረማመድሽን ወስዳለች። ግንባሯ ግን የኛ ቤት ነው፣ የበዳኔ። ተነስታ ቆመች፣ ለረጅም ጊዜ አየችኝ፣ ከዚያ ልጁን ዝም ብላ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። እኔ ልያዘው አላልኩም። ኮፍያውን አጠለቅኩለት፣ አራተኛው ነው፣ ልክ ሆነ። ዓይኑን ገልጦ ወደኔ አየና ሸናብኝ። ሩሃማ ተደናግጣ ልትወስደው ስትነሳ ተይው አልኳት። ሱሪዬ እስኪደርቅ ድረስ ልቤ ሌላ ነገር አላሰበም።

ሥራውን የት ተማሩት አለችኝ። ገዳም አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ስንት ዓመት ቆዩ አለች። አሥራ አምስት። መነኮሱ ወይ? የለም፣ ወጣሁ። ሰው ይጠይቅዎት ነበር? መጀመሪያ መጀመሪያ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ልጅ አለዎት ወይ አለችኝ። አለኝ ብል ያንቺን ቃል ማፍረስ ነው፤ የለኝም ብል ደግሞ አፌን ማን ይክፈትልኝ። ሩቅ ናት አልኳት። ሴት መሆኗን መናገሬን ያወቅኩት ካፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሷም አልጠየቀችኝም፣ የልጁን እግር ትነካካ ጀመር።

ወሬ ለማስቀየስ ብዬ ታዲያ ስሙን ማን አላችሁት አልኳት። ስም አያት ነው የሚያወጣለት፣ እሱን እየጠበቅን ነው አለች። ኦቦ ባጫ ይሆናሉ፣ የባሏ አባት፤ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሱሉልታ ላይ ይከበራሉ ብላኛለች። ምን ነው ታዲያ ወር ሙሉ አንድ ስም ማውጣት ያቃታቸው ብዬ በልቤ አማኋቸው።

ከዚያ ዋናው ነገር መጣ። የፊታችን ቅዳሜ አርባ ቀኑ ነው፣ ክርስትና ይነሳል። ያንቺም ነጠላ ተዘጋጅቷል መሰለኝ። የክርስትና አባት አላገኘንለትም አለችኝ። የንስሐ አባታቸው የሥጋ ዘመድ አይሆንም፣ ከውጭ ሰው ፈልጉ ብለዋቸዋል። አንቱ ባዳ ነዎት፣ ሰውም ጥሩ ይመስሉኛል፣ ልጄን ክርስትና ያንሱልኝ አለችኝ። ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ባዳ ነዎት አይደል ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። ዱርሲቱ እሳት ላይ የጣደችው ወጥ ሲያር አልሰማችም፣ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

አስቢው እስቲ። እሺ ብል አባት ልባል ነው፤ በአደባባይ፣ በቤተ ክርስቲያን፣ ሕፃኑን ታቅፌ። ልጁ ሲያድግ የክርስትና አባቴ ብሎ እየመጣ ይጠይቀኛል፣ በዓውደ ዓመት ሊስመኝ ይመጣል። ያንቺም ምስጢር ሳይነካ ቤታችሁ ልገባ ነው። ከዚህ የተሻለ ምን እፈልጋለሁ? ስፈልግ የኖርኩትን ያህል ነው የሰጠችኝ። ግን ይህን ለማግኘት ታቦት ፊት ቆሜ ከዚህ ልጅ ጋር የሥጋ ዝምድና የለኝም ልል ነው። ሰውን ዋሽቻለሁ፣ ራሴንም ዋሽቻለሁ፤ ከዚህ የባሰም በእጄ ሠርቻለሁ። ይኼን ግን ልል አልቻልኩም። ሰው ላማክር አልኳት። ማንን አለችኝ። ቃል የሰጠኋት ሴት አለች አልኩ። እንዲያ ከሆነ ቶሎ ያማክሯት አለችኝ፤ ትንሽ ፈገግ ያለችም መሰለኝ።

ልትሄድ ስትል ኮፍያውን ልጠቅልልልሽ ብላት ከራሱ ላይ አላወልቅም አለች። ይኸው አራት ዓመት በማሸጊያ ስታወቅ ኖሬ የልጅ ልጄን ኮፍያ እንዲሁ በባዶው ሰጠሁ። በር ላይ ደርሳ ተመለሰች። ልጁን ለዱርሲቱ አቀበለቻትና ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችኝ። ኮፍያ ሻጭ ጉልበቱ ይሳማል እንዴ? ሙሽራ በሠርጓ ቀን የአባቷን ጉልበት ስትስም አይቻለሁ፤ የኔዋ በሠርጓ ቀን የማንን እንደሳመች አላውቅም፣ የወንድምሽን ይሆናል። ቀና ስትል ዓይኗ ረጥቦ ነበር። ወገቤን አሞኝ ነው፣ መንገዱ ነው አለች። እኔም አመንኳት፣ ወይም ያመንኩ መሰለኝ።

ሰኞ ዕለት ዱርሲቱ አላስችል ብሏት አንድ ነገር ነገረችኝ። ብር የሚልክ ሰው ከመላኩ በፊት የተቀባዩ ስም ስልኩ ላይ ይወጣለታል አለች፤ ለዚህ ሰው ነው የምትልከው ብሎ ይጠይቃል፣ አዎ ካልክ ነው የሚሄደው። እኔ ቁጥር ብቻ ነበር የሚታይ የሚመስለኝ። እስር ቤት ስገባ ስልክ እንዲህ አልነበረም። ስለዚህ ያን ቀን፣ ስሙን ተዉት ከማለቷ አንድ ቀን በፊት፣ ስሜ ከነአባቴ ስም ፊቷ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። አዎ ብላ ነው የላከችው።

ታዲያ ምን አሰበች? ስም ይመሳሰላል፤ ዘርሁን የሚባል ስንት አለ። በዳኔ የሚባልም ተጂ ብቻ እንኳ ሦስት አውቃለሁ። ምናልባት በሞተ አባቷ ስም የሚጠራ ሰው ስታገኝ አንጀቷ ተላውሶ ይሆናል፣ ለዚያ ይሆናል ልታየኝ የመጣችው። እንዲህ ስል ይመቸኛል። ወዲያው ደግሞ ለስም ሞክሼ ብላ አራስ ሰው ሦስት ሚኒባስ ትቀያይራለች ወይ እላለሁ። አንቺ ነገርሻት እንዴ? ከነገርሻት ለምን ባዳ ነዎት ወይ ትለኛለች? ካልነገርሻት ለምን ታለቅሳለች? አምኜ ደስ እንዳይለኝ እፈራለሁ፤ ተሳስቼ ከሆነ ሁለተኛ ሞት ነው፣ ይኼኛው ድንኳን እንኳ የለውም።

አንቺን መጠየቅ ነበረብኝ፣ ልጠይቅሽም ነበር ብዕር ያነሳሁት። ቃሌን ፍቺልኝ ልልሽ። ትናንት ግን ግማሹን ጽፌ ሳለሁ ዱርሲቱ ልጅቷ እየጠበቀች ነው፣ ቄሱም የክርስትና አባቱን ስም እየጠየቋት ነው፣ ቢያንስ እሺ ወይ እምቢ በላት አለችኝ። እውነቷን ነው። አስቤ አስቤ እንዲህ ብለሽ ጻፊላት አልኳት፤ ስላከበርሽኝ እግዚአብሔር ያክብርሽ፣ የልጅሽ የክርስትና አባት መሆን ግን አልችልም፣ ቄሱ ያሉት ነገር ይከለክለኛል። ሌላ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ቃሌን አፈረስክ ትዪኝ ይሆናል፤ እኔ አባትሽ ነኝ አላልኩም፣ ባዳ ነኝ ማለት አቃተኝ እንጂ። ከተላከ በኋላ ስልኩን አጥፊው አልኳት። አላጠፋችውም።

መልሱ ለመምጣት ሩብ ሰዓትም አልፈጀ። ዱርሲቱ መጀመሪያ ለራሷ አነበበችው፣ ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ለኔ አነበበችልኝ። እንደወረደ ልጻፍልሽ፦

«አውቃለሁ። የክርስትና አባት አግኝተናል፣ ያሳሰበኝ እሱ አልነበረም። ቅዳሜ ግን በጠዋት ና። ቦታህ ከእማዬ ጎን ነው።»

ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። እኔ አሁንም ግራ እንደገባኝ ነኝ፤ አንቺ ግን ይገባሻል ብዬ አስባለሁ፣ ከኔ ይልቅ አንቺ ነሽ የምታውቂያት። ከጎንሽ ያለውን ወንበር ካልፈለግሽው አስነሺው፣ አልቀየምሽም፣ ከበር ቆሜ አይቼ እመለሳለሁ። ካላስነሳሽው ግን ለኦቦ ባጫ ቤተሰብ ምን ብለሽ እንደምታስተዋውቂኝ ከአሁኑ አስቢበት፤ ድንኳን የተጣለለትን ሰው ማስተዋወቅ ቀላል አይሆንም። ዱርሲቱ መልስ ይዛ ትመለስ እንደሆነ ጥቂት ትጠብቅሻለች። ባትመልሺም ሸሚዜን አጥባልኛለች።

ብቻሽን ላሳደግሻት ልጅ እግዚአብሔር ውለታሽን ይክፈልሽ፤ እኔ የምከፍልበት የለኝም። የልጅ ልጅሽን አሳድገሽ ለመዳር ያብቃሽ። ክፉ አይንካሽ፣ ደጅሽ ደስታ አይጣ። ከኔም በኩል የሰማሽውን ሁሉ በይቅርታ አሳልፊው።

የሩሃማ አባት
ሰበታ